ተርባይኑ ሳይሰበር ውሃው ሲጠለፍ፦ «ቫይረስ የሰውነትን ባትሪ ይገድላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሕመም በኋላ ስለሚቀር ድካም የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን በባሕር ዳር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ያስታውቃል። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ከለቀቀው በኋላ ለሳምንታት አቅም የሚያጣ ሰው ሰነፍ እንዳልሆነ፣ ድካሙም በህዋስ ደረጃ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ማስረዳታቸው ያስመሰግናቸዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ምክንያቱን ባስረዱበት መንገድና ከዚያ ተነሥተው በሰጡት ምክር ላይ ነው። ከምክሮቹ መካከል ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ስላሉ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህ ነው። ሚቶኮንድሪያ የህዋስ ባትሪ ነው፤ ማንኛውም ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ የሚገድለው ይህን ባትሪ ነው። ከሕመም በኋላ የሚቀረው ድካም ባትሪው ለመሞቱ ማስረጃ ነው፤ የሞተ ባትሪም በራሱ አይተካም። ስለዚህ ጉንፋን በጀመረ ቀን ዶክሲሳይክሊን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ ከዚያ የቫይታሚን ቢ መርፌ መወጋት፣ ግሉኮስ ማሰቀል፣ ኮኪውቴን የተባለውን እንክብል መዋጥ፣ በመጨረሻም ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እየሮጡ ማላብ ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ደግሞ ተጨምሯል፦ የባሕር ዳር ከፍታ ኦክስጅን ስለሚያሳንስ ድካሙ እዚህ ይብሳል፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሚቶኮንድሪያን ከቫይረሱ የባሰ ስለሚጎዳ አልፎ አልፎ ማቋረጥ ሰውነትን ያሳርፋል።

ከባትሪው ልጀምር፤ የቀረው ስሕተት የሚቀዳው ከዚህ ምሳሌ ነውና። ባትሪ ቀድሞ የተሞላ ኃይል የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ሚቶኮንድሪያ ግን ኃይል አያስቀምጥም፤ እያመረተ ወዲያው ይሰጣል። ህዋሶች እንደ ገንዘብ የሚመነዝሩት የኃይል ሞለኪውል ኤቲፒ ይባላል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያመርተው ኤቲፒ ተደምሮ ቢመዘን የራሱን ክብደት ያህላል፤ በአንድ ቅጽበት ሰውነቱ ውስጥ የሚገኘው ግን ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ያው ትንሽ ክምችት በቀን በመቶዎች ጊዜ እየተሰበረ እንደገና ይሠራል።

በጣና ዳር ለሚኖር ሰው ከባትሪው ይልቅ የጢስ ዓባይ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል። ሚቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተተከሉ አራት የፕሮቲን ማሽኖች ከምግብ የመጣውን ኤሌክትሮን እየተቀባበሉ በመጨረሻ ለኦክስጅን ያስረክባሉ። ከአራቱ ሦስቱ በዚህ ቅብብል የሚገኘውን ኃይል ተጠቅመው ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋሉ። ፕሮቶኖቹ በጨራጨራ ግድብ ጀርባ እንደቆመ የጣና ውሃ ይጠራቀማሉ። ዋናው መመለሻ በራቸው አምስተኛው ማሽን ነው፤ እሱም ሲያልፉበት በእርግጥ እንደ ተርባይን ይሽከረከራል፤ ኤቲፒ የሚሠራውም ያኔ ነው። ይህን የግድብ ሐሳብ ፒተር ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርበው ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምሳሌውን የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። በ2010 የጣና ውሃ በዋሻ ተጠልፎ ወደ በለስ ማመንጫ መሄድ ሲጀምር የጢስ ዓባይ ምርት አሽቆለቆለ። ተርባይኖቹ ስለተሰበሩ አልነበረም፤ ውሃው ወደ ሌላ ሥራ ስለሄደ ነው። መብራት የጠፋበት ሰው ሁሉ «ማመንጫው ሞቷል» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። ግድቡ ሊሸነቆር ይችላል፣ ውሃው ሊጠለፍ ይችላል፣ ማሽኑም ሊበላሽ ይችላል፤ የእያንዳንዱ መፍትሔ ለየብቻ ነው። የባትሪው ምሳሌ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ «ሞተ» በሚል ቃል ይዘጋቸዋል።

ታዲያ ቫይረስ እዚህ ማመንጫ ላይ ምን ያደርጋል? መልሱ እንደ ቫይረሱ ዓይነት ይለያያል። አንዳንድ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎች ፒቢ1-ኤፍ2 የተባለች ትንሽ ፕሮቲን አለቻቸው፤ የታወቀችው በ2001 ነው። ወደ ሚቶኮንድሪያ ገብታ በውስጠኛው ሽፋን ግራና ቀኝ ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት ታወርዳለች፤ ግድቡን ሸንቁራ ውሃው ተርባይኑን ሳይነካ እንዲፈስ እንደ ማድረግ ነው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊውን የምትደግፍ ትመስላለች። ነገር ግን በ2009 ዓለምን ያዳረሰው የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ይህችን ፕሮቲን መሥራት አይችልም፤ ገና በ11ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ትቋረጥበታለች። ያም ሆኖ የያዘውን ሰው ከአልጋ አላስነሣ ብሎ ነበር። ድካሙ የመጣው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

ከዚህም የሚገርም ምሳሌ ቤታችን ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ምች ብለን በዳማ ከሴ የምናክመው፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል የሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ሥራ ነው። ይህ ቫይረስ በያዘው ህዋስ ውስጥ ያለውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ጨርሶ የሚያስጠፋ ፕሮቲን አለው። ሚቶኮንድሪያ የራሱ 37 ዘረመሎች ብቻ ስላሉት ይህ ከባድ ጥቃት ነው። በጽሑፉ ስሌት ከሆነ ከቫይረሶች ሁሉ ይበልጥ አቅም የሚያሳጣን ምች በሆነ ነበር። ግን ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው እያመመውም ቢሆን ሥራውን ይሠራል፤ ጉዳቱ በጥቂት የቆዳና የነርቭ ህዋሶች ላይ ተወስኖ ይቀራልና። ስለዚህ ቫይረሱ አንድ ህዋስ ውስጥ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ብቻውን በቂ ጥያቄ አይደለም። የትኛውን አካል ያዘ? ስንት ህዋስ ነካ? ይህ ሳይጠየቅ ከአንድ ህዋስ ተነሥቶ ስለ ሙሉ ሰው መናገር አያስኬድም።

ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ደግሞ ጭራሹን ተቃራኒውን ያደርጋል። የያዘው ህዋስ ቶሎ እንዳይሞት የሚጠብቅ ፕሮቲን ሠርቶ በሚቶኮንድሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ የኃይል ምርቱንም ይጨምረዋል። ቢያስቡት የሚያስገርም አይደለም። ቫይረስ የራሱ ማመንጫ የለውም፤ የሚባዛው በተጠጋበት ቤት መብራት ነው። መብራቱን በገባበት ሰዓት ቢያጠፋው የሚጎዳው ራሱ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልተነሣ ሌላ ሥራም አለ። ሚቶኮንድሪያ ማመንጫ ብቻ ሳይሆን የደወል ማማም ነው። የቫይረስ አርኤንኤ ህዋስ ውስጥ ሲታይ ወሬው የሚደርሰው በሚቶኮንድሪያ ውጨኛ ሽፋን ላይ ለተተከለው ማቭስ ለተባለ ፕሮቲን ነው፤ በ2005 የታወቀ ነው። ማቭስ ደወሉን ሲደውል ህዋሱ ኢንተርፌሮን አምርቶ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የሚያደርገው ይህን ፕሮቲን ከሽፋኑ ላይ በመቀስ እንደ መቁረጥ ነው፤ ማመንጫው እየሠራ ደወሉ ብቻ ዝም ይላል። ኮቪድ የሚያመጣው ቫይረስም ኦርፍ9ቢ በተባለ ፕሮቲኑ የሚቶኮንድሪያን የመግቢያ በር ጠባቂ፣ ቶም70ን፣ ይይዘዋል፤ ማቭስ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በዚሁ በር በኩል ነው። ቫይረሶች ወደዚህ አካል የሚሄዱበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ኃይል ለማጥፋት ሳይሆን ደወል ለማፈን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ድካም የሚቶኮንድሪያ ሞት ማስረጃ ነው ወደሚለው። ይህን ለመፈተን ቫይረስ ሳይኖር ድካሙን ብቻ የሚያመጣ ነገር መፈለግ ይበቃል፤ አለም። ለሄፓታይተስ ሲ ከአሥር ዓመት በፊት ድረስ ይሰጥ የነበረው ሕክምና የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር። መርፌውን ከሚወስዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባድ ድካም፣ ቁርጥማትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይይዛቸው ነበር፤ ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። በመርፌው ውስጥ ቫይረስ የለም፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው የማስጠንቀቂያ መልእክት ነው ያለው። ይህና ኢንተርሉኪን የሚባሉት መልእክቶች አንጎል ሲደርሱ «ተኛ፣ አትብላ፣ ኃይልህን ቆጥብ» የሚል ትእዛዝ ይሆናሉ። በሕመሙ ሰሞን ከሚሰማን ድካም ትልቁ ድርሻ ይህ ነው።

ኃይሉ ወዴት ሄደ ለሚል ደግሞ መልሱ የበለስ ዋሻ ነው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የኃይል ፍጆታው ከ10 እስከ 13 በመቶ ይጨምራል። በሽታ ተከላካይ ህዋሶችም ራሳቸው ማመንጫቸውን ሆን ብለው ይቀንሳሉ፤ ኢታኮኔት የተባለ ኬሚካል ሠርተው ሁለተኛውን ማሽን ያፍናሉ፤ ስኳርን ያለ ኦክስጅን በፍጥነት ወደ ማፍረስ ይዞራሉ። በዚህ መንገድ ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ብቻ ያገኛሉ፤ በሚቶኮንድሪያ በኩል ቢሆን 30 ያህል ያገኙ ነበር። ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈጣን ነው፣ ለመሣሪያ መሥሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃም ያተርፋል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ሰውነት በፈቃዱ የጠለፈው ውሃ ነው። ሕመሙ ሲያልፍ ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል።

«የሞተ አይተካም» የሚለው ሦስተኛው አባባል ቀላል መልስ አለው። ሚቶኮንድሪያ ያለማቋረጥ ይታደሳል። ያረጀው ክፍል ተቆርጦ ይፈጫል፤ ከቀረው ደግሞ እየበዛ ይሞላል። በጉበት ይህ በቀናት፣ በልብና በጡንቻ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር መቀበል አለብኝ። በአንዳንድ ሰዎች ነገሩ ቶሎ አይስተካከልም። በ2023 የወጣ ጥናት በኮቪድ የሞቱ ሰዎችን አካል መርምሮ ነበር። በሳንባ ውስጥ የሚቶኮንድሪያ ዘረመሎች ሥራ ቢያገግምም በልብ፣ በኩላሊትና በጉበት እንደተዳፈነ ተገኝቷል። ከኮቪድ በኋላ ለወራት የሚደክማቸው ሰዎች ጡንቻም በእርግጥ የተለየ ነገር አሳይቷል፤ ስለ ሩጫ ስናገር እመለስበታለሁ። ስለዚህ «ሁሉም በራሱ ያልፋል» ማለትም ስሕተት ነው። ትክክሉ፣ አብዛኛው ያልፋል፤ የማያልፈውም ባትሪ ሞቶ አይደለም፤ ያልተቋጨ መዛባት ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ በጣና ዙሪያ ለሚኖር አንባቢ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጽሑፉ ድካምን ሁሉ የቫይረስ ትራፊ ስላደረገው ሰው መመርመር ያለበትን ነገር ሳይመረመር ይቀራል። ከደምቢያ እስከ ፎገራ ሜዳ ወባ አለ፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ፕራይማኩይን የተባለው መድኃኒት ካልተወሰደ ደጋግሞ ያገረሻል። ብልሃርዝያ በሐይቁ ዳር የቆየ ችግር ነው፤ ቀስ እያለ ደም ያሳንሳል። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የታየው የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የጥገኛ ተውሳክ ሕመም) ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ትኩሳት ጋር ከሆነ፣ በተለይ ጣፊያ (ስፕሊን) ካበጠ፣ ካላዛር መመርመር አለበት። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ሄሞግሎቢን፣ የደም ስኳር፣ የኤችአይቪና የታይሮይድ ምርመራ አለ። እነዚህ ሁሉ ሕክምና ያላቸው ሕመሞች ናቸው። ሚቶኮንድሪያ ግን በተራ የደም ምርመራ አይታይም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሰውን የሚልከው ከሚታየው ወደማይታየው ነው።

አራተኛው፣ አንቲባዮቲክ። ቫይረስን እንደማይነካ ጸሐፊውም ሳያውቁት አይቀሩም፤ መከራከሪያቸው «ሚቶኮንድሪያን ይጠብቃል» የሚል ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሚቶኮንድሪያ ከጥንት ባክቴሪያ የተገኘ ስለሆነ ፕሮቲን የሚሠራበት ፋብሪካ፣ ራይቦዞሙ፣ ከባክቴሪያ ራይቦዞም ጋር ይመሳሰላል። ዶክሲሳይክሊን፣ ክሎራምፌኒኮልና ሊኔዞሊድ የባክቴሪያውን ፋብሪካ ሲዘጉ የሚቶኮንድሪያንም በከፊል ይዘጋሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሊኔዞሊድ ለወራት የሚወስዱ ሰዎች የደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝና የላክቲክ አሲድ መብዛት ክትትል የሚደረግላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። የጥቂት ቀን ዶክሲሳይክሊን ለጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳት ያመጣል እያልኩ አይደለም፤ ሚቶኮንድሪያን ይጠብቃል ማለት ግን መሠረት የለውም።

«እኔ ወስጄ በማግስቱ ተሻለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሊሆንም ይችላል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ ሲጀምሩ ከኢንፍሉዌንዛ አይለዩም፤ ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው፤ ዶክሲሳይክሊንም ያድናቸዋል። ስለዚህ የተሻለው ሰው መጀመሪያውኑ ቫይረስ ላይኖረው ይችላል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፦ የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበት ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው ባንድ ጊዜ ሲፈርስ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሙቀት መናርና የደም ግፊት መውደቅ ሊከተል ይችላል። ይህ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ፈሳሽ ተዘጋጅቶ፣ ባለሙያ እያየው መታለፍ ያለበት እንጂ ቤት ውስጥ ብቻን ተኝቶ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

መድኃኒት ከተነሣ ጽሑፉ ዘሎት ያለፈውን ልጨምር። በቫይረስ ሕመም ሰሞን ሚቶኮንድሪያን በትክክል የሚመታ አንድ የታወቀ ስሕተት አለ፤ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን መስጠት። ሬይ ሲንድረም የሚባለው ሕመም የጉበትን ሚቶኮንድሪያ አናግቶ ትውከት፣ መቃዠትና ራስን መሳት ያመጣል። በአሜሪካ በ1980 555 ሕፃናት ታመውበት ነበር፤ ወላጆች አስፕሪን እንዳይሰጡ ከተነገራቸው በኋላ ከ1987 ወዲህ በዓመት ከ36 በልጦ አያውቅም። ለልጅ ትኩሳት በክብደቱ ልክ የተለካ ፓራሲታሞል ነው የሚሰጠው። አዋቂም ቢሆን በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን ቅልቅል መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ፓራሲታሞልም አብሮ ይቆጠራል። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን የሚያፈርሰው በሚቶኮንድሪያው በኩል ነው።

መርፌውና ግሉኮሱ አምስተኛው ነጥብ ናቸው። ቫይታሚን ቢ1 ከስኳር የመጣው ፓይሩቬት ወደ ሚቶኮንድሪያ እሳት እንዲገባ የሚያደርገው ኢንዛይም ረዳት ነው፤ ቢ2 እና ቢ3 የኤሌክትሮኑ ተሸካሚዎች መሥሪያ ናቸው። ስለዚህ እጥረት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ አረቄ የሚያዘወትር ወይም ለሳምንታት ያስታወከው፣ በእርግጥ ይጠቀማል። እጥረት የሌለበት ግን አይጠቀምም። የአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት 1.2 ሚሊ ግራም ቢ1 ገደማ ነው፤ በተለመደው የቢ ቅልቅል መርፌ አንድ ብልቃጥ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ። ቫይታሚኑ የሚቀመጥበት የኢንዛይሞቹ ወንበር ሁሉ ከተያዘ የተረፈው በሽንት ይወጣል። ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ያነሰ ኃይል ይሰጣል። መብላትና መጠጣት ለሚችል ሰው ሽሮ በእንጀራ ወይም አንድ ቀረሶ አሳ ይሻለዋል፤ ቱቦም አይጠይቅም። ኮኪውቴን በሐሳብ ደረጃ ያሳምናል፤ በማሽኖቹ መካከል ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው እሱ ነውና። ግን ተሞክሯል። በዴንማርክ ከኮቪድ በኋላ ድካም የጸናባቸው 119 ሰዎች በቀን 500 ሚሊ ግራም ለስድስት ሳምንት ወስደው ከባዶው እንክብል የተለየ ጥቅም አላገኙም። ዋጋው ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ነው።

ከፍታውን በአጭሩ ልለፈው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሚቶኮንድሪያ ግን ለመሥራት የሚያስፈልገው የኦክስጅን ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ የጤነኛ ነዋሪ ደምም አስፈላጊውን ያደርስለታል። በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እነሱ ካልደከሙ ባሕር ዳር ምን ያደክማታል?

ሩጫው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ግማሽ እውነት ስላለበት። እንቅስቃሴ በጤነኛ ጡንቻ ውስጥ ሚቶኮንድሪያን ያበዛል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ስሕተቱ ጊዜው ላይ ነው። ትኩሳት ባለበት ሰሞን መሮጥ ቫይረስ አያስወጣም፤ ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ትኩሳት ያደረቀውን ሰውነት ይበልጥ ያደርቀዋል። አንዳንድ ቫይረሶች፣ በተለይ ኮክሳኪ የሚባሉት፣ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጡ ይችላሉ፤ የተቆጣ ልብ ላይ ከባድ እንቅስቃሴ ሲጨመር የልብ ምት ተዛብቶ ድንገተኛ ሞት ሊያመጣ ይችላል። የልብ ጡንቻ ቁጣ የተገኘበት ስፖርተኛ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከውድድር እንዲርቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። ከጉንፋን በኋላ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ መምታት፣ ደረጃ ሲወጡ አዲስ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰው የሐይቁን ዳር ትቶ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወደሚሠራበት ይሂድ።

ልባቸው ደህና ሆኖ ድካሙ የጸናባቸውስ? በአምስተርዳም ተሠርቶ በ2024 የወጣ ጥናት 25 ከኮቪድ ያላገገሙ ሰዎችንና 21 ጤነኞችን ብስክሌት ላይ አውጥቶ ከእንቅስቃሴው በፊትና በማግስቱ ከጭናቸው የጡንቻ ቅንጣት ወስዶ አነጻጸረ። በሕሙማኑ ዘንድ የሚቶኮንድሪያ አቅም በማግስቱ ወረደ፤ የጡንቻ ህዋስ ሞትም ታየ። ለጤነኛው ማመንጫ የሚገነባው ያው ሥራ ለነዚህ ሰዎች አፈረሰ ማለት ነው። «ታግለህ አሸንፈው» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይጎዳል።

ስለዚህ በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ትኩሳት ባለበት ቀን ዕረፍት ነው። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ጠፍቶ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ በሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በሐይቁ ዳር በጥላ መንገድ፣ ለ10 ደቂቃ ዝግ ብሎ መራመድ ነው፤ ወደ ቤዛዊት አቀበት አይኬድም። ከዚያ ሁለት ቀን ይታያል፤ የዚህ ዓይነቱ ድካም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ ነው። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ቁርጥማት፣ የራስ መክበድ ወይም እንቅልፍ የማያስወግደው ዝለት ከመጣ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል። ምንም ካልመጣ ለአንድ ሳምንት በዚያው ይቆይና አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ሰው የሚሳሳተው ስፖርት ብቻ ድካም ነው ብሎ በማሰብ ነው። ቁጭ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ከቅዳሜ ገበያ ሸክም ይዞ መመለስ፣ እንቦጭ ነቀላ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ ማረም ሁሉም ከዚያው ሒሳብ ላይ ይቀነሳሉ። ልብስ ያጠበች ሴት በዚያ ቀን አትራመድ። ቤተሰብ ሊረዳት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ለሁለት ቀን ተከፍሎ በመካከሉ ጋደም ማለት ከመርፌው ሁሉ ይበልጣል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የከበደው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ይህን ከምንም ተነሥተው አላሉትም። ስታቩዲን የተባለው የቀድሞ መድኃኒት የሚቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚቀዳውን ኢንዛይም በእርግጥ ያፍን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ጉንጫቸው ይጎደጉድ፣ ክንድና እግራቸው ይቀጥን፣ የእግር ጫማቸው ይቃጠል ነበር፤ ጥቂቶቹንም በደም ውስጥ የተከማቸ ላክቲክ አሲድ ገድሏቸዋል። ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስታቩዲን ደረጃ በደረጃ እንዲቀር መክሯል። ዛሬ በአንድ እንክብል የሚሰጡት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በዚያ ኢንዛይም ላይ ያላቸው ተጽዕኖ እጅግ ደካማ ነው። ቴኖፎቪር ላይ የሚጠበቀው ኩላሊት ነው፤ ለዚህም በክትትል ጊዜ ክሬያቲኒን ይለካል።

ቫይረሱ ግን አልተለወጠም። ቪፒአር የተባለው የኤችአይቪ ፕሮቲን ሚቶኮንድሪያን በቀጥታ ይወጋል፤ ቫይረሱ በደም ውስጥ ሲኖር የሚነደው የማያቋርጥ ቁጣም ይጎዳዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። «ማሳረፍ» ተሞክሮ ያለቀ ሐሳብ ነው። ውጤቱ በ2006 በወጣው ትልቅ ጥናት 5,472 ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ ከፊሎቹ እያቋረጡ፣ ከፊሎቹ ሳያቋርጡ። ያቋረጡት ላይ የከባድ ሕመምና የሞት አደጋ 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቱም ያለጊዜው እንዲቆም ተደረገ። ድካም የጸናበት መድኃኒት ወሳጅ ካለ የሚሄደው ወደ ክትትል ክፍሉ ነው፤ የቫይረስ መጠኑ፣ ሄሞግሎቢኑ፣ ኩላሊቱና ቲቢው ይታይለታል፤ ካስፈለገ እንክብሉ በሌላ ይቀየራል እንጂ አይቋረጥም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ ገና እየዞረ ነው፤ በየቀኑም አዲስ ሰው እጅ ይገባል። ስለ ባትሪው፣ ስለ ከፍታውና ስለ እንክብሉ ብንለያይም ልንከራከርበት እንችላለን። መድኃኒት ስለ ማቋረጥ፣ በራስ አንቲባዮቲክ ስለ መጀመርና ትኩሳት ገና እንደለቀቀ ስለ መሮጥ የተጻፉትን ሦስት አንቀጾች ግን እባክዎ ዛሬውኑ ያውጧቸው፤ ማውጣትዎንም ጽሑፉ በደረሰበት መንገድ ሁሉ ያሳውቁ።